የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ፌሎው ለምን ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ለመልስ የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ የተጻፉ ቢሆኑም ሦስቱም የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ሰብ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ፣ «ፌሎው» የሚባሉ ሐኪሞች በየጥቂት ሳምንቱ የሥራ ክፍል የሚለዋወጡበት፣ በሐኪሞች አነጋገር «ሮቴሽን» የሚባለው አሠራር ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናል። መልሱን የጻፉልን በዚሁ ሙያ በአሜሪካ ሠልጥነው የሚሠሩት የዓምዳችን ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ «ልጄ ሦስት ዓመት የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲውን ጨረሰልኝ ብዬ እልል ባልኩ ማግሥት፣ አሁን ደግሞ ለሳንባና ለጽኑ ሕሙማን ሕክምና ሌላ ሦስት ዓመት ጀምሯል። አንዱን ወር ሌት ተቀን ሆስፒታል ነው፤ ስልክም አያነሣም። በሚቀጥለው ወር ከቀኑ በ11 ሰዓት ቤቱ ይገባል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምርምር ላይ ነኝ ይለኛል። ምክንያቱን ስጠይቀው ‹እማዬ፣ ሮቴሽን ተቀይሮ ነው› ከማለት በቀር አያስረዳኝም። አንድ ቦታ ተረጋግቶ ቢማር አይሻለውም ነበር?» እናት ነኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ልጅዎ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያለው፤ ቦታው አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው እርስዎን ያሳሰበዎት። በአሜሪካ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም የሳንባ ሕክምናን ብቻ ወይም የጽኑ ሕሙማን ሕክምናን ብቻ ልማር ቢል ለእያንዳንዱ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ ሁለቱን አጣምሮ ሲይዝ ግን ሥልጠናው 36 ወር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 18ቱን ወር በቀጥታ ሕሙማንን በማከም ማሳለፍ ይጠበቅበታል። «ምርምር ላይ ነኝ» የሚልዎትም የቀረው ጊዜ በአብዛኛው ለጥናትና ለተጨማሪ ልምምድ ስለሚውል ነው። ሲጨርስም ፈተናው አንድ አይደለም፤ ለሳንባው ለብቻ፣ ለጽኑ ሕሙማኑም ለብቻ ይፈተናል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመጣ፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ መማር የማይሻለው የሳንባ በሽታ በየክፍሉ የተለያየ ፊት ስለሚያሳይ ነው። አስምን እንውሰድ። ልጅዎ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በሚመደብበት ወር፣ ይኸውም ስልክ የማያነሣበት ወር ሳይሆን አይቀርም፣ አስም የተነሣባት ሴት ራሷን ስታ፣ በጉሮሮዋ ቱቦ ገብቶ ከመተንፈሻ ማሽኑ ጋር ተያይዛ ያገኛታል። የጀማሪ ሐኪም የመጀመሪያ ስሜት ማሽኑ ቶሎ ቶሎ እንዲያስተነፍሳት ማድረግ ነው። የአስም ችግር ግን አየር በማስገባቱ ላይ ሳይሆን በማስወጣቱ ላይ ነው፤ የጠበበው የአየር ቧንቧ የገባውን አየር ለመልቀቅ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ያኛው ወጥቶ ሳያልቅ ማሽኑ ሌላ ትንፋሽ ከጨመረባት አየሩ በደረቷ ውስጥ እየተደራረበ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያግዳል፤ የደም ግፊቷም ድንገት ይወርዳል። ያን ጊዜ ፌሎው የሚያደርገው ነገር አጠገቡ ቆሞ ለሚያይ ሰው ያስደነግጣል፤ ሴትዮዋን ከማሽኑ ለአፍታ አላቅቆ የተከማቸው አየር እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ከዚያም በየደቂቃው የሚሰጣትን የትንፋሽ ብዛት ይቀንሳል። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ሌሊት በ9 ሰዓት ያደርገዋል ማለት አይደለም። አቴንዲንጉ፣ ማለትም ኃላፊው ሐኪም፣ አጠገቡ ቆሞለት ደጋግሞ ሲያደርገው ነው እጁ የሚረጋው።

በሌላ ወር ደግሞ የሳንባ አቅም በሚለካበት ላቦራቶሪ ተቀምጦ የስፓይሮሜትሪ ውጤት ያነባል። ሕመምተኛው አየር በደንብ ስቦ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲተነፍስ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር ከጠቅላላው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ፣ የአየር መንገዱ መጥበቡን ያመለክታል፤ በግራፉ ላይ የሚታየውም መስመር ቀጥ ብሎ ከመውረድ ይልቅ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ሥራው ጸጥ ያለ ነው፤ ብዙ ፌሎዎችም አሰልቺ ነው ይሉታል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ያ የጎበጠ መስመር በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አየሯን ለማስወጣት ስትታገል ያያት ሴት ችግር ራሱ ነው፤ መስመሩን አስቀድሞ በወጉ የተረዳ ሐኪም ማሽኑን ሲያስተካክል በግምት አይሠራም።

ከዚያም ክሊኒኩ አለ። የተመላላሽ ክሊኒክ እንደ ሌሎቹ ሮቴሽኖች መጥቶ የሚያልፍ አይደለም፤ ፌሎው ሌላ ቦታ ተመድቦም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ግማሽ ቀን የራሱን ሕሙማን በቋሚነት ይከታተላል። ያችው ሴት ድና ከወጣች በኋላ ወደ ክሊኒኩ ስትመጣ «ፓፉን ያውጡና እንዴት እንደሚወስዱት ያሳዩኝ» ይላታል። ሳትነቀንቀው፣ ትንፋሿንም አስቀድማ ሳታስወጣ አፏ ውስጥ ትረጨዋለች፤ አሥር ሰከንድ ያህል ትንፋሿን መያዝ ሲገባት ወዲያው ትለቀዋለች፤ መድኃኒቱ ምላሷና ጉሮሮዋ ላይ ቀረ ማለት ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ እንደምትወስድ ስትናገር አልዋሸችም፤ ሳንባዋ ግን አላገኘውም። ጽኑ ሕሙማን ክፍልን ብቻ የሚያውቅ ሐኪም ይህችን ሴት ደጋግሞ ከሞት ሊያተርፋት ይችላል፤ ለምን ተመልሳ እንደምትመጣ ግን አይገባውም። ክሊኒኩን ብቻ የሚያውቀው ደግሞ ያ የአሥር ሰከንድ ጉዳይ ምን እንደሚያስከትል በዓይኑ አላየም።

ስለ ሥራው ሰዓት አልጠየቁኝም፤ ሆኖም ስለ ስልኩ ባነሡት ነገር ውስጥ ስጋትዎ ይታየኛል። ደንቡ በአራት ሳምንት አማካይ ሲሰላ በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ በአንድ ጊዜ የሚያገለግልበት ተራም ከ24 ሰዓት እንዳያልፍና ለርክክብ ቢበዛ አራት ሰዓት ብቻ እንዲጨመርበት፣ ከሰባት ቀንም በአማካይ አንዱን ቀን ነጻ እንዲሆን ያዛል። ሰማንያ ሰዓት ለእናት ጆሮ ብዙ ነው፤ በእኔም አስተያየት ብዙ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ወር እንደዚያ አይደለም። የዓመቱን የሮቴሽን ሰንጠረዥ እንዲልክልዎ ይጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥልጠናው ዓመቱ ሲጀምር ያወጣዋል። የጽኑ ሕሙማን ወሮቹ የትኞቹ እንደሆኑ ካወቁ፣ በዝምታው አይጨነቁም፤ ዶሮ ወጡንም ሰው ሊበላው በሚችልበት ወር ይሠሩለታል።

ጥያቄ፦ «በጎንደር የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ። የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ሰብ ስፔሻሊስት መሆን እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ አሜሪካን ሞክር ይሉኛል፤ አንዳንዶች ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ሥልጠና አለ ይላሉ። በሮቴሽን ረገድ ሁለቱ በምን ይለያያሉ? አንድ ሥልጠና ጥሩ መሆኑንስ በምን ልወቅ?»

መልስ፦ ውድ የሙያ ባልደረባዬ፣ የአሜሪካውን መንገድ ርዝመት አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል። ስቴፕ ዋንና ስቴፕ ቱ የተባሉትን ፈተናዎች አልፈው የውጭ አገር ሐኪሞች የሚያገኙትን የምስክር ወረቀት ከያዙ በኋላ፣ በአገር ቤት የሠሩት ሬዚደንሲ በአብዛኛው ስለማይቆጠርልዎ የውስጥ ደዌን ሦስት ዓመት እንደገና ይሠራሉ። ስቴፕ ዋን እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ውጤቱ «አለፈ» ወይም «አላለፈ» ብቻ ሆኗል፤ በመሆኑም የስቴፕ ቱ ነጥብ ከበፊቱ የበለጠ ይታያል። ከሬዚደንሲው በኋላ ለፌሎሺፕ ይወዳደራሉ፤ የምደባው ውጤት በፈረንጆቹ ዲሴምበር መጀመሪያ ገደማ ይገለጻል፤ ሥልጠናውም በቀጣዩ ጁላይ ይጀመራል። ብዙዎች የሚገቡበት የጄ-ዋን ቪዛ ከአገር ቤት የጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሥልጠናው ሲያልቅ ሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን፣ አለዚያም ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ አግኝቶ ሐኪም በሚያንስበት የአሜሪካ አካባቢ ማገልገልን ያስከትላል። ይህን የምለው ላስፈራራዎ አይደለም፤ ፌሎሺፑ ላይ ለመድረስ ብቻ ስንት ዓመት እንደሚያልፍ አስበው እንዲወስኑ ነው።

የአዲስ አበባው ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ የምሥራቅ አፍሪካ የሥልጠና ኢኒሼቲቭ በተባለ ትብብር የተጀመረ የሁለት ዓመት ፌሎሺፕ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ምሩቃንም በ2015 ወጥተዋል። ሲጀመር በአገሩ ውስጥ ሊያስተምር የሚችል በሙያው የሠለጠነ ሐኪም እጅግ ጥቂት ስለነበረ፣ የውጭ አገር መምህራን በየተራ እየመጡ ያስተምሩ ነበር፤ ሌላው ዓለም ፌሎውን ሲያዞር እዚያ አስተማሪዎቹም ይዞሩ ነበር ማለት ነው። ከምሩቃኑ መካከል በኋላ ራሳቸው አስተማሪ የሆኑ አሉ። ከዚህ ሥልጠና የወጡ ሐኪሞች የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣ ምን ያህል እንዳስፈለጉ በዚያ ጊዜ ሬዚደንት ወይም ተማሪ የነበሩ ሁሉ ያውቁታል።

ልዩነቱ ከሰንጠረዡ ይልቅ በአልጋው ላይ በሚተኛው ሰው ላይ ይታያል። በአሜሪካ በሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል የሳንባ ኮንሰልት ሮቴሽን (ሌሎች ክፍሎች ስለ ሕሙማናቸው ምክር የሚጠይቁበት ሥራ) ላይ ያለ ፌሎው በሲቲ ስካን ስለተገኘች አንዲት ትንሽ እብጠት ካንሰር ናት አይደለችም እያለ ይመክራል፤ ሳንባቸው እየጠጠረ ለንቅለ ተከላ ተራ የሚጠብቁ ሰዎችን ይከታተላል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሻቸው የሚቋረጥ ሕሙማንንም ያያል። በአዲስ አበባ ደግሞ ቲቢ አለ፤ ቲቢው ድኖ ያበላሸው፣ ቧንቧው ሰፍቶ አክታ የሚያቁር ሳንባ አለ፤ ሲጋራ ሳታጨስ በማገዶና በኩበት ጭስ ሳንባዋ የተጎዳ እናት አለች፤ የታመመው የልብ ቫልቯ ሳይታከም ቆይቶ የሳንባ የደም ግፊቷ የጨመረባት ወጣት አለች። አንዱ ከሌላው ያንሳል ማለት አይቻልም፤ ለማገልገል የሚያስቡት ሕዝብ የትኛው እንደሆነ ግን መልሱን ይወስነዋል።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። በሳንባ ሽፋን ውስጥ ውኃ የቋጠረ ሰው ሲመጣ፣ ጎንደርም ይሁን ኒው ዮርክ፣ ውኃው ተቀድቶ ፕሮቲኑና ኤል.ዲ.ኤች. የሚባለው ኢንዛይም ከደሙ ጋር ይነጻጸራል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1972 ይፋ የሆነው፣ በሐኪሙ በላይት ስም የሚጠራው መለኪያ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። የውኃው ፕሮቲን ከደሙ ፕሮቲን ከግማሽ በላይ ከሆነ ሽፋኑ ራሱ ታሟል ተብሎ ይታሰባል። ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። ውኃው ሊምፎሳይት በሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት የተሞላበትን የ24 ዓመት ወጣት አገር ቤት ያለ ሐኪም በመጀመሪያ በቲቢ ይጠረጥረዋል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ያው ውጤት ኒው ዮርክ ውስጥ ቢገኝ ካንሰር በመጀመሪያው ረድፍ ይሰለፋል። ቁጥሩን ማስላት ማንም ይችላል፤ ከቁጥሩ በኋላ ወዴት ማየት እንደሚገባ የሚያስተምረው ሮቴሽኑ የሚካሄድበት አካባቢ ነው።

የትም ቢያመለክቱ ግን በቃለ መጠይቁ ላይ አፍረው የማያልፏቸው ጥያቄዎች ይኑሩ። የመጀመሪያው ስለ ብሮንኮስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የአየር ቧንቧን ውስጡን ስለማየት ነው። በአሜሪካ ደንብ ፌሎው እስኪመረቅ ቢያንስ 100 ብሮንኮስኮፒ መሥራት አለበት፤ ነገር ግን መቶውን በስንት ጊዜ ያገኘዋል፣ ቱቦውን የሚይዘውስ እሱ ነው ወይስ በብሮንኮስኮፒ ብቻ የሚሠለጥን ሌላ ከፍ ያለ ፌሎው? ስሙ የገነነ ሆስፒታል ሆኖ ከባዱን ሥራ ሁሉ ሌሎች የሚወስዱበት፣ ፌሎውም ከኋላ ቆሞ ስክሪን የሚያይበት ቦታ አለ፤ ስለዚህ በእኔ እምነት ከሆስፒታሉ ስም ይልቅ የሁለተኛ ዓመት ፌሎዎቹ የሥራ መዝገብ ይበልጥ ይናገራል። የሌሊት ተራ ሲሆን አቴንዲንጉ ሆስፒታሉ ውስጥ ያድራል ወይስ በስልክ ብቻ ነው የሚገኘው የሚለውንም ይጠይቁ፤ ሁለቱም ጥቅም አላቸው፣ ግን በመጀመሪያው ዓመት ሰው አጠገብ ቢኖር እመርጣለሁ። ደረት ውስጥ ቱቦ ማስገባትን ማን እንደሚያስተምር፣ የሳንባ አልትራሳውንድ በየቀኑ በራውንድ (በሕሙማን ጉብኝት) ላይ መዋሉን፣ ክሊኒኩ ላይ ያዩትን ሕመምተኛ በስድስት ወሩ ራስዎ መልሰው ማየት መቻልዎን ይወቁ።

ከሁሉ በላይ ግን የቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2000 በ861 ሕሙማን ላይ የተደረገው ታዋቂ ጥናት፣ ሳንባቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች በአንድ ትንፋሽ የሚሰጣቸው አየር በኪሎ ከ12 ሚሊ ሊትር ወደ 6 ሲቀነስ የሟቾች ቁጥር ከ39.8 በመቶ ወደ 31 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ኪሎው ግን ሚዛን ላይ የሚታየው አይደለም፤ ከቁመት የሚሰላ ነው። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ፣ ሚዛን ላይ 95 ኪሎ ቢመዝንም፣ ለስሌቱ 66 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ የሚሰጠው 400 ሚሊ ሊትር ገደማ እንጂ 570 አይደለም፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮት አይሰፋምና። ስለዚህ በሚጎበኙት ክፍል ውስጥ አንድ ነርስ ወይም ሬዚደንት የሕመምተኛውን ቁመት በሜትር ሲለካ ካዩ፣ ያ ቦታ ጥሩ ያስተምራል ብለው ቢገምቱ ብዙ አይሳሳቱም።

ጥያቄ፦ «አባቴ በኒሞኒያ ምክንያት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከተኛ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ዋናው ሐኪም ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ፌሎው የተባለውም ሌላ ሆኗል። አንዱ ተሽሎታል ሲለን ሌላው ሁኔታው አስጊ ነው ይለናል። አባታችንን በቅጡ የሚያውቀው ማን ነው?» ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላችሁ። በብዙ ሆስፒታሎች አቴንዲንጉ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት፣ ፌሎው በሁለት ወይም በአራት ሳምንት ይቀየራል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን እንዳይለወጡ ይሞከራል፣ ሁልጊዜ ግን አይሳካም። ለሐኪሙ የሚጠቅመው ዙር ለቤተሰብ ሸክም መሆኑን መካድ አይገባም፤ በርክክብ ወቅት የሚጠፋ ነገርም ይኖራል።

«ተሽሎታል» እና «አስጊ ነው» የሚሉት ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። አባትዎ ከማሽኑ የሚፈልገው ኦክስጅን ከ80 በመቶ ወደ 50 ወርዶ ሳለ ኩላሊቱ ሥራ ቢያቆም፣ ስለ ሳንባው የሚያወራው ሐኪም ደስ ብሎት ይነግራችኋል፤ ስለ ጠቅላላ ሰውነቱ የሚያወራው ደግሞ ፊቱ ይከብዳል። ስለዚህ «እንዴት አደረ?» ብቻ አትበሉ፤ ኦክስጅኑ ስንት ላይ ነው፣ የደም ግፊቱ እንዳይወርድ የሚሰጠው መድኃኒት ቀንሷል ወይ፣ ሽንት አለው ወይ፣ ማስታገሻው ሲቀነስ ዓይኑን ይገልጣል ወይ፣ በራሱ እንዲተነፍስ ዛሬ ተሞክሯል ወይ ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። እነዚህን አምስት ነገሮች ከቤተሰብ አንድ ሰው በየቀኑ ደብተር ላይ ቢጽፍ፣ ሐኪም በተቀየረ ማግሥት የመጣው ሰው የሚለውን ከትናንቱ ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ።

አዲሱ አቴንዲንግ በገባ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የቤተሰብ ስብሰባ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቁ ነውር አይደለም፤ ይህን ስብሰባ መምራትም ፌሎው ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ነው። በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ በነጻ ማግኘት በአሜሪካ ሕግ መብታችሁ ነው፤ የአማርኛ አስተርጓሚም በስልክ ወይም በቪዲዮ ይገኛል። እንግሊዝኛ ይችላል ተብሎ የአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጅ የአያቱን የሞትና የሕይወት ነገር እንዲያስተረጉም አይደረግ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ ሐኪሞቹ ቱቦውን ከአፉ አውጥተው በአንገቱ በኩል ስለማስገባት ሊያነሡ ይችላሉ፤ ካላነሡት እናንተ አንሡት፣ አባታችሁ ራሱ ቢጠየቅ ምን ይመርጥ እንደነበረም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

«በቅጡ የሚያውቀው ማን ነው?» ላላችሁት፣ ያለፈ ታሪኩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በወጣትነቱ የሳል መድኃኒት ለወራት ወስዶ እንደነበር፣ የስንት ዓመት ሹፌር ወይም የድንጋይ ወፍጮ ሠራተኛ እንደነበረ፣ የትኛው መድኃኒት ሽፍታ እንዳመጣበት በኮምፒዩተሩ መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል። በተለይ የቲቢ ሕክምና ወስዶ ከነበረ ለአዲሱ ፌሎው በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። ከአገር ቤት የመጣ የድሮ ኤክስሬይ ፊልም ከአልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ ካለም ይዛችሁ ሂዱ፤ ዛሬ በሲቲ ስካን ላይ የሚታየው ጠባሳ አዲስ ነው ወይስ የሠላሳ ዓመት የሚለውን ለመለየት ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም።